ዊ፣ ሙቭና ኪኔክት፦ ሦስቱንም አንድ ሳሎን ውስጥ ያጋጠመ ሰው ሪቪው

ጌመር አደለሁም። አዲስ አበባ እያለሁ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቼ በጨዋታ እየከፈልኩ ኳስ ከመጫወት ያለፈ ታሪክ የለኝም፣ እሱንም አብዛኛውን ጊዜ ተሸንፌ ነው የምወጣው። ግን እዚህ ሜሪላንድ ከገባሁ ወዲህ በእጅና በሰውነት እንቅስቃሴ በሚሠሩ ኮንሶሎች ተለክፌ ቀረሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጓደኛዬ "ለልጆቼ ከሶፋ የሚያስነሳቸው ነገር ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?" ብሎ ደውሎ አርባ ደቂቃ ስለፈልፍበት ባለቤቴ "ጻፈውና ገላግለን" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በ2010 ታንክስጊቪንግ ቀን ነው። ያኔ የማይክሮሶፍቱ ኪኔክት አሜሪካ ገበያ ከወጣ ልክ ሦስት ሳምንቱ ነበር፣ የሶኒው ሙቭ ሴፕቴምበር ላይ ወጥቷል፣ እኔ ቤት ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የኒንቴንዶው ዊ አለ። የአክስቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን 3ቱን ከነሙቩ በሻንጣ ይዞ መጣ፣ የባለቤቴ ወንድም ኤክስቦክስ 360 ከነኪኔክቱ ተሸክሞ መጣ፣ እንግዳው ሃያ ምናምን ሰው ነው፣ እማዬም ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር፣ ቱርኪው ጥግ ላይ ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ሰው ሁሉ ዶሮ ወጡ ላይ ነው፣ እና አንድ ቲቪ ላይ ሦስቱን እያፈራረቅን ስንጫወት ዋልን። ከዛ በኋላ ያነበብኩት የገበያ ትንታኔ ሁሉ ያን ቀን ሳሎኔ ውስጥ ካየሁት ላይ ብዙም አልጨመረልኝም።

ከዊ ልጀምር። ኒንቴንዶ ይሄን ነገር በ2006 ሲያወጣ ተጨንቆ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ጌምኪዩብ የተሸጠው 22 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆን የሶኒው ፕሌይስቴሽን 2 ግን ከ150 ሚሊዮን በላይ ሄዷል። በጉልበት እንደማይችላቸው ገብቶታል። ስለዚህ ያኔ ፕሬዚዳንቱ የነበረው ሳቶሩ ኢዋታ ጉልበቱን ትቶት ጆይስቲኩን ቀየረው፣ አሥራ ምናምን ቁልፍ ያለውን አስፈሪ ነገር ጥሎ የቲቪ ሪሞት የሚመስል አንድ ዱላ ሰጠን። ምስሉ ኤችዲ አደለም፣ ሶኒና ማይክሮሶፍት በጥራት እየተፎካከሩ እሱ 480 ላይ ቀረ፣ ጌመሮቹም ሳቁበት። ዋጋው ግን 250 ዶላር ነው፣ ዊ ስፖርትስ የሚባለውም ጌም እዛው ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ በዛው ወር የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ርካሹ 500፣ ውዱ 600 ነበር። በቃ እዚህ ጋ ነው ውድድሩ ግማሹ ያለቀው።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቲቪው ላይ የምትቀመጠዋ ቀጭን ነገር ሴንሰር ባር ስለምትባል እሷ የምታየን ይመስለናል። እሷ ምንም አታይም። ግራና ቀኝ ጫፏ ላይ ዓይናችን የማያየው የኢንፍራሬድ መብራት ብቻ ነው ያላት፣ የሚያየው ሪሞቱ ነው፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ ካሜራ አለችው፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ስትወዘውዙት የሚለካ ሴንሰር። ቴክኖሎጂው ተራና ርካሽ ነው፣ ይሄን ያዙልኝ በኋላ እመለስበታለሁ።

ድክመቱ ዱላውን በትክክል አይከተልም። ቴኒስ ላይ እጃችሁን ሙሉ ብትወዘውዙ ወይ ሶፋ ላይ ጋደም ብላችሁ አንጓችሁን ብቻ ቆረጥ ብታረጉ ለሱ ያው ነው፣ የኛ ልጆች ይሄን በሁለተኛው ቀን ደረሱበት። ኒንቴንዶ ራሱ ጉድለቱን አውቆ በ2009 ሞሽን ፕላስ የሚባል፣ ጋይሮ ማለትም መዞርን የሚለካ ሴንሰር ያለው ተቀጥላ አወጣ። መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ሰው በስሜት ሪሞቱን እየለቀቀው ቲቪ ሲሰብር የእጅ ማሰሪያውን ወፈር ባለ ቀይረው 3.2 ሚሊዮን ማሰሪያ ለመተካት ተገደዋል።

ግን እማዬን ላሳያችሁ። በሕይወቷ ጆይስቲክ ነክታ አታውቅም። የእህቴ ልጅ ክብ ፊትና ሽበት ያላት አሻንጉሊት ሠራላትና፣ ማለቴ ሚ የሚሉትን፣ ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል "እማዬ" ብሎ ጻፈላት፣ ሪሞቱን እጇ ላይ አጠለቅንና "እማዬ፣ በቃ ኳስ እንደምትወረውሪ አርጊ" አልናት። ነጠላዋን ወደኋላ ጣል አርጋ ወረወረች። ስትራይክ! ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እሷ ግን ቲቪውን እያየች "ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?" ነው የምትለው። ከዛ በኋላ ችግሩ ሪሞቱን ከእጇ መቀበል ሆነ፣ አክስቶቼ ተሰልፈው ተራ እየጠበቁ። ማንም ማንንም አላስተማረም፣ አንዷ ስትጫወት ሌላዋ አይታ ገባት። ይሄ ነገር በየትኛውም ማስታወቂያ አይገዛም።

ወደ ሙቭ ስንሄድ፣ የአክስቴ ልጅ ይቅር በለኝና፣ ከሦስቱ ምርጡ ዕቃ እሱ ነው። አናቱ ላይ ቀለም የምትቀያይር ክብ ኳስ አለችው፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ካሜራ የኳሷን መጠን አይቶ፣ ትልቅ ከሆነች ቅርብ ነህ፣ ትንሽ ከሆነች ራቅ ብለሃል ብሎ ርቀትህን ያሰላል፣ ውስጡ ያሉት ሴንሰሮች ደግሞ መዞርና ማዘንበሉን ይጨምሩለታል። ስፖርትስ ቻምፒየንስ ላይ ፒንግፖንግ ተጫወትን፣ የምር ፒንግፖንግ ነው! ራኬቱን ትንሽ ሰያፍ ስታረገው ኳሷ ተጠምዛ ትሄዳለች። የአክስቴ ልጅና የባለቤቴ ወንድም አንድ ሰዓት ሙሉ ተናነቁበት። ሌላው ሰውስ? ሌላው ሰው ቡና ሊጠጣ ሄደ። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ቁም፣ ወደ ካሜራው አዙር፣ ወደ ትከሻ ጠጋ አርገው እያለ ያስለካል፣ እማዬ "ዩኒፎርም ሊሰፋልን ነው እንዴ" አለች። ሲያዩት ደግሞ ዊ ነው፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣ የተሻለ ዊ። ዊ የሌለው ሰው ደግሞ ያኔ ማን አለ?

ኪኔክት ነው ሰዉን አፍ ያስከፈተው። ምንም አትይዝም። እጅህን ታወዛውዛለህ እሱ ያውቅሃል። የማይታይ የኢንፍራሬድ ነጥብ ቤቱ ላይ ይረጫል፣ ነጥቦቹ ሰውነትህ ላይ እንዴት እንደተዛቡ በካሜራ አይቶ ርቀቱን ያወጣል፣ ከዛ 20 መገጣጠሚያ እየለየ በሰከንድ 30 ጊዜ ይከተልሃል። ይሄ የጥልቀት ማያ ነገር ፕራይምሴንስ ከሚባል የእስራኤል ካምፓኒ የመጣ ነው፣ በኋላ በ2013 አፕል ጠቅልሎ ገዛው፣ በ2017 የመጣው አይፎን ፊት የሚለየውም ያው ነጥብ ረጭቶ ነው። የሸጡት እንደ መጫወቻ ነው እንጂ ኪኔክት ዩኒቨርሲቲዎችና የሮቦት ላቦራቶሪዎች ተሻምተው የገዙት ዕቃ ነው፣ በ150 ዶላር እንዲህ የሚያይ ካሜራ ከየት ይገኛል።

ሳሎን ላይ ግን ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ለአንድ ሰው 1.8 ሜትር፣ ለሁለት ሰው 2.4 ሜትር ያህል ራቁ ይላል። እኔ ያኔ የምኖርባት አፓርትመንት ሁለት ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ አላት? ሶፋውን ገፋን፣ ጠረጴዛውን ኮሪደር አወጣን፣ ረከቦቱን ከነሲኒው አንስተን ኩሽና ከተትን፣ እጣን ጢሱ ግን እዛው ነው። ሰፊ ልብስም ባይሆን ይላል መመሪያው፣ የእጅና የእግር ቅርጽ ስለሚሸፍን፣ እንግዲህ ያን ቀን ከመጡት ሴቶች ግማሾቹ የሀበሻ ቀሚስ ነው የለበሱት። ልጆቹ ጀልባ ላይ ሲዘሉ ግን፣ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ኪኔክት አድቬንቸርስ ማለት ነው፣ ደስታቸው ሌላ ነበር፣ ታች ያለው ጎረቤት በሩን እስኪያንኳኳ። ዳንስ ሴንትራልንም ሞከርነው። ጨዋታው የራሱን ስቴፕ ነው የሚያርመው፣ የባለቤቴ ወንድም እስክስታ ወረደበት፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ነጥቡ ንቅንቅ አላለም።

ማታ ላይ ክርክሩ ወደ ዋጋ ዞረ። እንዲህ ነበር ሂሳቡ። ዊ ያኔ ወደ 200 ወርዷል፣ አንድ ሪሞት ይዞ ይመጣል፣ ለአራት ሰው ሦስት ሪሞት በ40 በ40 ስትጨምር 320 ገባህ። ሙቭ ፕሌይስቴሽን 3 ላለው ሰው ካሜራው፣ አንድ ዱላውና ጌሙ በ100 ዶላር፣ ሁለተኛ ሰው ሲመጣ ሌላ 50፣ ይሄኔ 150 ሆነ፣ አንዳንዱ ጌም ደግሞ በሁለቱም እጅ ዱላ ይፈልጋል። ኪኔክት 150 ነው፣ ለሁለተኛው ሰው ምንም አይጨመርም ምክንያቱም ጆይስቲኩ ሰውነትህ ነው። ስለዚህ ሙቭና ኪኔክት ሁለት ሰው ላይ እኩል ናቸው። የባለቤቴ ወንድም "አያችሁ ኪኔክት ይበላቸዋል" አለ፣ የአክስቴ ልጅ "ጥራት ያለው ነው የሚቆየው" አለ፣ እኔ ኤክስፐርት መስዬ ዊ መቼም አይነቃነቅም አልኩ።

ሦስታችንም ተሳስተናል።

ኪኔክት በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ተሸጠ፣ በጊነስም በፍጥነት የተሸጠ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተብሎ ተመዘገበ። የባለቤቴ ወንድም ያን ሰሞን አላስቀምጥ አለን። ግን በ2013 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት የተናገረውን ቁጥር እዩት፣ 76 ሚሊዮን ኤክስቦክስ 360 እና 24 ሚሊዮን ኪኔክት። ከሦስት ቤት አንዱ ማለት ነው። ጌም የሚሠራ ካምፓኒ ብትሆኑ ለአንዱ ነው ለሦስቱም ቤት የምትሠሩት? ለየብቻ የሚሸጥ ተቀጥላ ችግሩ ይሄ ነው፣ ጌም የለውም ብሎ ሰው አይገዛውም፣ ሰው አልገዛውም ብሎ ካምፓኒው ጌም አይሠራለትም። ሙቭም እዛው ጉድጓድ ውስጥ ነው የገባው። የዊ ሪሞት ግን በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ አለ፣ ምርጫ የለህም፣ ሠሪውም ምርጫ የለውም።

ማይክሮሶፍት ይሄ ገብቶት ነው መሰለኝ በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያወጣ ኪኔክቱን በግድ አብሮ የሸጠው፣ 500 ዶላር። ፕሌይስቴሽን 4 በ400 ከአንድ ሳምንት በፊት ወጥቶ እየጠበቀው ነው። በዛ ላይ ያ ሰሞን የአሜሪካን መንግሥት ስለላ ያጋለጠው የስኖደን ወሬ ዓለምን ያናወጠበት ነበር፣ ሳሎኔ ውስጥ ሁሌ የሚያይና የሚሰማ ካሜራ አላስገባም ያለው ብዙ ነው። ዓመት ሳይሞላ በ2014 ኪኔክቱን አውጥተው በ400 ሸጡ፣ በ2017 ደግሞ ማምረቱን ራሱ አቆሙ። ለማይፈልግ ሰው 100 ዶላር ስትጭንበት ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፣ ይሄን ለማወቅ መርካቶ አንድ ቀን መዋል ይበቃል።

ዊስ? ዊ በጠቅላላው 101.63 ሚሊዮን ተሸጧል፣ ከዛ ትውልድ የቤት ኮንሶሎች አንደኛ ነው። ግን ቁልቁለቱን ተመልከቱት፣ እስከ ማርች 2009 ባለው የበጀት ዓመት 25.95 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 20.53፣ ቀጥሎ 15.08፣ ከዛ 9.84። ያ የኛ ታንክስጊቪንግ ማለት ሁለቱ ተቀናቃኞች ሮጠው ሲደርሱ ድግሱ እየተነሳ የነበረበት ሰዓት ነው። ለምን ወረደ ስትሉኝ እኔ መልሱን ከቤቴ ነው የምሰጠው። በአራት ዓመት ውስጥ የገዛነው ጌም ሁለት ነው፣ ማሪዮ ካርትና ዊ ፊት። (ዊ ፊት ላይ ቆመህ ክብደትህን የሚለካ ሰሌዳ አለው፣ እማዬ "ለፊት ምን ያረጋል?" ብላ ጠይቃለች፣ ፊት ማለት በእንግሊዝኛ ሌላ ነው ብለን አስረዳናት፣ ክብደቷን ሲነግራት ግን ዳግመኛ አልወጣችበትም።) እማዬ ቦውሊንግ ነው የምትፈልገው፣ ቦውሊንጉ ደግሞ በነፃ መጥቷል፣ ሌላ ምን ትግዛ? ጌም በየወሩ የሚገዛው ወጣት ኤችዲ ያለበት ቤት ሄዷል፣ የእማዬ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ስልክና ታብሌት ሲመጣለት እሱ ላይ ቀረ። ኒንቴንዶ በ2012 ዊ ዩ ብሎ ሲመጣ ስሙን ሰምቶ የድሮው ዊ ተቀጥላ የመሰለው ሰው ስንቱ ነው፣ 13.56 ሚሊዮን ላይ ሞተ።

ሙቭ ከሦስቱ በጣም የሚገርመው እሱ ነው፣ ሶኒ በ2016 የፕሌይስቴሽን ቪአር መነጽሩን ሲያወጣ ያንኑ ባለ ኳስ ዱላ ከመጋዘን አውጥቶ መያዣ አረገው። የአክስቴ ልጅ ቁምሳጥን ውስጥ ስድስት ዓመት የተኛውን አራግፎ ተጠቀመበት። "አላልኳችሁም?" አለ፣ እሺ ብለናል።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ። ዛሬ ላይ ዱላ የሚወዘወዝበት ኮንሶል ብሎ ራሱን የሚሸጥ ትልቅ ካምፓኒ የለም ማለት ይቻላል፣ ነገሩ ግን አልጠፋም፣ እንደ ቅመም ሌላው ውስጥ ገብቷል። የኒንቴንዶ ስዊች ጆይኮን የሚባሉት መያዣዎቹ ውስጥ ጋይሮው አለ፣ መጠቀም ከፈለግህ ትጠቀማለህ ካልፈለግህ ሶፋህ ላይ ተኝተህ በቁልፍ ትጫወታለህ፣ ማንም አያስገድድህም፣ እሱ ነው ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው። ሪንግ ፊት አድቬንቸር የሚባለው ክብ ቀለበት ይዘህ የምትሠራው ስፖርት በ2020 በኮሮና ሰዓት ከገበያ ጠፍቶ ነበር፣ እኔ ያገኘሁት ብዙ ሳምንት አድኜ ነው፣ ከጂም ካርዴ የበለጠ ተጠቅሜበታለሁ ብል አልዋሸሁም። ስዊች ስፖርትስ ቦውሊንጉን መልሶታል። ጉድለቱ የመጀመሪያው ስዊች ጆይኮን ሳይነኩት ጨዋታውን ወደ አንድ ጎን የመንዳት በሽታው በፍርድ ቤት ክስ ጭምር የታወቀ ስለሆነ ያገለገለ ስትገዙ ሁለቱንም እዛው ሱቅ ላይ ሞክሩ። አዲሱ ስዊች 2 በ2025 ሲወጣ 450 ዶላር ነበር፣ ለልጆች ማንቀሳቀሻ ብቻ ከሆነ እኔ አልመክርም፣ አሮጌው ይበቃል።

ኪኔክትን ለናፈቃችሁ ደግሞ ኔክስ ፕሌይግራውንድ የሚባል ሚጢጢ ኪዩብ ወጥቷል፣ ካሜራ ብቻ ነው፣ ምንም አይያዝም፣ ለትንንሽ ልጆች የታሰበ። እህቴ ቤት አይቼዋለሁ፣ የአምስት ዓመቷ ልጅ ላብ በላብ ሆና ነው የምታቆመው። ግን ከዕቃው ሌላ አብዛኛው ጌም በየጊዜው በሚከፈል ሰብስክሪፕሽን ነው የሚከፈተው፣ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ደምራችሁ አስቡ። ልጆቹ ከስምንት ዓመት በታች ከሆኑ እሱን፣ ከዛ በላይ ከሆኑ ስዊች፣ ጓደኛዬን ያልኩት ይሄን ነው። ብር ቆጥብልን ካላችሁኝ ግን ያገለገለ ዊ።

የምሬን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ዊ በ25 ዶላር አየሁና ለእህቴ ልጆች አዲስ አበባ ልልክላቸው ገዛሁት። ሻጩ ሁሉም ነገር አለው ብሎኝ ቤት ስከፍተው ሴንሰር ባሯ የለችም። አስቀድሜ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄኔ ነው፣ እሷ መብራት ብቻ ስለሆነች ሁለት ጧፍ ለኩሼ ቲቪው ግራና ቀኝ አቆምኩና ሪሞቱን ወደዛ አዞርኩት፣ ሠራ! ለእማዬ በቪዲዮ ሳሳያት ተቆጣችኝ፣ "ለጨዋታ ጧፍ ይበራል?" አለች። ባሯን በጥቂት ዶላር ገዝቼ ጨመርኩ። ወደ አገር ቤት ለምትልኩ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የአሜሪካው ዊ አዳፕተር 120 ቮልት ነው፣ አዲስ አበባ 220 ላይ ቀጥታ ከሰካችሁት ተቃጠለ በሉት፣ የአውሮፓውን አዳፕተር አብራችሁ ግዙ። ጌሙም የአሜሪካ ዲስክ ለአሜሪካ ማሽን ነው፣ አታደባልቁ። ስዊች እነዚህ ሁለቱም ችግሮች የሉበትም፣ ሻንጣ ላይም ይቀላል።

ሰው ሲሄድ አግኝቼ ልሰጠው ስል እማዬ ደወለች። ስለ ማሽኑ አልጠየቀችኝም፣ "ያቺ ሴትዮዬስ አብራ ትመጣለች?" አለች። የአሥራ ምናምን ዓመት ነገር መቼ ረሳችው። የዊ ሪሞት ውስጥ እስከ 10 ሚ መያዝ የሚችል ትንሽ ሜሞሪ አለ፣ የድሮውን ማሽናችንን ከጋራዥ አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ አበራሁት፣ ክብ ፊቷ፣ ሽበቷ፣ "እማዬ" የሚለው ስም፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ወደ ሪሞቱ ገለበጥኳትና ባትሪውን አውጥቼ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ላክኋት።